ግድግዳ ላይ የተጻፈ ዝናብ

ሰኔ 3 ቀን 2014

ዛሬ ጠርሙስ ስቆርጥ ዋልኩ። ሐሳቡ ቀላል ነው፤ ፎገራ ላይ ጉማራ ወንዝን ተከትለን አምስት ቦታ ዝናብ እንለካለን፣ አንድ ቦታ የወንዙን ከፍታ፣ ጣና ዳር ደግሞ የውሃውን ጥራትና እምቦጭ አረሙን እናያለን። እኛ ማለት እኔና በግብርና የሚሠሩ ሁለት ጓደኞቼ ነን። በጀት የሚባል ነገር የለም። ሁለት ሞተር ሳይክል፣ አንድ ያረጀ ላፕቶፕና ከኪሳችን መለኪያውን ለሚያነብልን ለእያንዳንዱ ሰው በወር የ50 ብር የስልክ ካርድ፤ ይኸው ነው።

ወረታ ከተማ ላይ የዘነበ ለሜዳው ሁሉ እንዳልዘነበ ገበሬ አይጠፋውም። አንዱ ማሳ ሲጥለቀለቅ ድንበርተኛው አቧራ ይሆናል። እኛ ግን ሪፖርት ስንጽፍ «የዝናቡ ሥርጭት ጥሩ ነበር» እንላለን፤ በምን እንደለካነው ጠያቂ የለም።

የመጀመሪያዎቹን ሦስት መለኪያዎች በሁለት ሊትር ሃይላንድ ሠራኋቸው፤ ሦስቱንም ጣልኳቸው። የውሃ ፕላስቲክ ጎኑ ሽንሽን ስለሆነ ውሃው አንድ ቦታ ሰፋ፣ አንድ ቦታ ጠበብ ይላል፤ በማስመሪያ የሚነበበው ልክ አይሆንም። የለስላሳ ጠርሙስ ጎኑ ልሙጥ ነው። አንገቱን ቆርጦ፣ ገልብጦ እንደ ማንቆርቆሪያ መልሶ መሰካት ነው። ቂጡ ጎድጓዳና እግር ያለው ስለሆነ ሲሚንቶ በጥብጬ አፈሰስኩበትና በውሃ ልክ አስተካከልኩት።

የአፉ ስፋት 10 ሴንቲ ሜትር ነው። ስለዚህ 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ ጠርሙሱ ውስጥ 7.85 ሚሊ ሊትር ውሃ ይሆናል። ከጤና ኬላ መርፌው የሌለበት፣ ያልተነካካ ባለ 10 ሚሊ ሊትር ስሪንጅ ለመንኩና አምስት ሰጡኝ። ብዙ ሲዘንብ በማስመሪያ፣ ጥቂት ሲሆን በስሪንጅ። እንዳይተን ሁለት ጠብታ ዘይት ጣል ይደረግበታል። ዘንድሮ ዘይት በስንት እንደሚሸጥ ለሚያውቅ ይኼኛው ከሁሉም ውዱ ክፍል ነው።

ሰኔ 6

ተከላ። አንደኛውን የኔታ ተቀበሉኝ፤ የአብነት ተማሪዎቻቸው በየቀኑ ያነቡታል። እኔ ቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውስጥ ላም ስለማይገባ ደስ ብሎኝ ልተክል ስል ቀና አልኩና ጽዱን አየሁ። መለኪያ ከዛፉ ቁመት ቢያንስ ሁለት እጥፍ መራቅ አለበት፤ አለዚያ አንዴ ቅርንጫፉ ይከልለዋል፣ አንዴ ያንጠባጥብበታል። ቅጥሩ ውስጥ እንዲያ ያለ ገላጣ አልተገኘም። በመጨረሻ ከቅጥሩ ውጭ፣ የተማሪዎቹ ጎጆ ፊት ለፊት፣ በእሾህ አጥረን ተከልነው። አፉ ከመሬት 1 ሜትር ከፍ ይላል።

የንባብ ሰዓት ጠዋት 3 ነው፤ የሜትዎሮሎጂ ጣቢያዎችም በዚሁ ሰዓት ነው የሚያነቡት። የኔታ ወዲያው ያዙኝ። «ዛሬ ጠዋት ያገኘሁት ውሃ የትላንት ነው ወይስ የዛሬ?» አልመለስኩም። ትላንት በ3 እና ዛሬ በ3 መካከል የወረደው ሁሉ ባነበቡበት ቀን ይጻፋል ብለን ተስማማን። ሁሉም አንድ ዓይነት ይጻፍ እንጂ የቱም ቢሆን ግድ የለኝም።

አምስተኛው ከወረዳችን ውጭ፣ ወደ ጉና ተራራ አቅጣጫ ፋርጣ ውስጥ ነው። አንድ የማውቀው መምህር ይዞታል። ጎርፉ ከዚያ ነውና የሚመጣ።

ሰኔ 13

ትላንት የሚካኤል ዕለት አንዱ ጠርሙስ ተሰረቀ። ለጠላ መቅጃ ይሁን ለምን እንጃ። ሲሚንቶው ለምን አላስቸገራቸውም?

ሰኔ 21

ሰማዩ ጥርት ብሎ ባደረበት ቀን አንዱ አንባቢ 9 ሚሊ ሜትር መዝግቧል። ደወልኩለት፤ «ጋሼ፣ እውነት ነው፣ በዓይኔ ነው ያየሁት» አለ። ሄጄ አሸተትኩት። ልጆች ናቸው። አጥሩን ከፍ አደረግን፤ ወረቀቱ ላይ «ዝናብ አይደለም» ተብሎ ተጻፈ።

ሰኔ 29

የወንዙ መለኪያ። ላሜራ ቆርጠን ነጭ ቀለም ቀባንና በየ2 ሴንቲ ሜትሩ በቀይ ከፋፈልነው። ከዚያ ፌሮ ላይ በሽቦ አስረን ዳርቻው ላይ ሦስት ደረጃ አድርገን ተከልነው፤ የመጀመሪያው ሲሰጥም ሁለተኛው እንዲነበብ ነው። አንባቢው በ12 ሰዓት ጠዋትና በ12 ሰዓት ማታ ያየዋል።

ችግሩ ጉማራ በሌሊት የሚመጣ ወንዝ መሆኑ ነው። ከሰዓት በኋላና ማታ ደጋ ላይ የጣለው ሜዳው ላይ የሚደርሰው ሰው ሲተኛ ነው። ስለዚህ ከመለኪያው ጎን አንድ ፒቪሲ ቱቦ አቆምኩ። ከታች ቀዳዳ አለው፣ ውስጡ ቀጥ ያለ እንጨት ገብቷል፣ ሥሩ ላይ አንድ እፍኝ የከሰል ዱቄት ጨምሬያለሁ። ውሃው ቱቦው ውስጥ ሲወጣ ከሰሉ ይንሳፈፍና አብሮ ይወጣል፤ ውሃው ሲወርድ በደረሰበት ጫፍ እንጨቱ ላይ ተለጥፎ ይቀራል። ጠዋት እንጨቱን መዘዝ አድርጎ ጥቁሩን መስመር ማየት ነው። ከሠራሁት ሁሉ የምኮራው በዚህ ነው፤ ዋጋውም ከሁሉ ያነሰ ነው።

ሐምሌ 6

የደለል ጠርሙሶች። ወንዙ በሞላ ቁጥር አንድ ሊትር ቀድቼ ቤት አስቀምጣለሁ፤ አንድ ቀን ከረጋ በኋላ ከታች የተቀመጠውን ጭቃ በማስመሪያ እለካለሁ። ግምታዊ ነው፣ ግን ለማነጻጸር ይበቃል። መስኮቱ ሥር ሰባት ጠርሙስ ተደርድሯል። ባለቤቴ «ጠላ ልትነግድ ከሆነ ንገረኝ» ብላለች። ቀለሙ እውነትም ጠላ ነው። የዛሬው 3 ሚሊ ሜትር ጭቃ አለው፤ ወንዙ 2.10 ሜትር ላይ እያለ የተቀዳ ነው።

ሐምሌ 14

የወሩን ቅጽ ሰበሰብን።

የየኔታ ተማሪዎች ቅጽ ሲታይ ያስቀናል፤ በቀይና በጥቁር ቀለም፣ በዓላቱ ሳይቀር ተጽፈዋል። ፋርጣ ያለው መምህርም እንዲሁ። ሦስተኛው ቅጽ ግን አስፈራኝ። 10፣ 5፣ 15፣ 20፣ 10፣ 10፣ 5። ሠላሳ ቀን ሙሉ አንድም ቁጥር በ3 ወይም በ7 አያልቅም። በስሪንጅ የሚለካ ውሃ እንዲህ ጨዋ አይሆንም። አንድ ቀን እንኳ አልዘለለም፣ አንድ ቀን እንኳ ዜሮ የለም፣ እስክሪብቶውም ከላይ እስከ ታች አንድ ነው፤ ላብ ያላየው፣ ዝናብ ያልነካው ንጹሕ ወረቀት።

ጓደኛዬ «ተወው፣ አማካዩ ከጎረቤቱ ጋር ይቀራረባል» አለኝ። ያናደደኝም ይኸው መቀራረቡ ነው። ልጁ ሰነፍ ቢሆን ኖሮ ማንም ያውቅበት ነበር።

ሐምሌ 15

ሄድኩ። ልጁ የለም፤ ወረታ ባጃጅ ይነዳል። ለካ ከሰኔ 10 ጀምሮ እቤት አያድርም። እናቱ «ግባ ልጄ፣ ቡናው ደርሷል» አሉኝ። ተቆጥቼ ነበር የሄድኩት፤ ግን ቡና እየተፈላ መቆጣት ያስቸግራል።

ሁለተኛው ሲኒ ላይ ስለ ጠርሙሱ አነሳሁ። «እሱንማ እኔ ነኝ የምቀዳው» አሉ። «ልጁ አደራ ብሎኛል። ፀሐይዋ ከዚያ ምሰሶ ስትደርስ በመርፌው እየሳብኩ እደፋዋለሁ።» ጽሕፈት አይችሉም። «ታዲያ እንዴት ያውቁታል እማማ?» አልኩ። ቡናውን ትተው ወደ ጓዳ መግቢያው መሩኝ።

ግድግዳው ላይ፣ ከበሩ ጀርባ፣ በከሰል። አንድ ስሪንጅ አንድ ጭረት። አምስት ሲሞላ በአግድም ይሰረዛል፤ ዕቁብ ሲቆጥሩ የለመዱት ነው። ቀን ከቀን ለመለየት ትንሽ ክፍተት፣ እሑድ ሲሆን መስቀል። ግማሽ ስሪንጅ አጭር ጭረት ነው። እና ምንም ባልዘነበበት ቀን ትንሽ ክብ ሠርተዋል።

አንድ ቦታ ላይ ግን ሦስት ባዶ ክፍተት ተከታትሏል፤ ጭረትም ክብም የለም። «ይኼስ?»

«ያን ጊዜ ለቅሶ ሄጄ ነበር። አላየሁትም። ያላየሁትን ምን ብዬ ልጻፍ?»

ይህን እኔ ቅጹ ላይ አላስቀመጥኩትም ነበር። ለሁሉም የሰጠሁት ወረቀት አንድ ሣጥን ነው ያለው፤ ያልዘነበበትም፣ ያልታየውም እዚያው ነው የሚገባ። የሜትዎሮሎጂ ሰው ይህን ጉዳይ ከጀማሪ ትምህርቱ ያውቀዋል፤ 0 ሌላ፣ ሰረዝ ሌላ። ያልተነበበ ቀን እንደ ዜሮ ከተደመረ ወሩ ሳይደርቅ ይደርቃል። እኔም አውቀው ነበር፤ ግን ወረቀቱ ላይ አላወረድኩትም።

ግድግዳውን በስልክ ፎቶ አንስቼ እዚያው ቁጭ ብዬ ቆጠርኩ። ሰኔ 24፣ አሥራ አራት ጭረት፤ 140 ሚሊ ሊትር፣ ማለትም 17.8 ሚሊ ሜትር። የልጁ ቅጽ ለዚያ ቀን 5 ይላል። ሐምሌ 2፣ ክብ። የልጁ ቅጽ 15 ይላል።

ልጁን ወረታ አገኘሁት። አልዋሸም፤ «ጋሼ፣ ባዶ ከሆነ ካርዱን ትከለክሉኛላችሁ ብዬ ነው» አለ። ከልክለን አናውቅም፤ እንደማንከለክል ግን አንድም ቀን አልነገርነውም። ከዛሬ ጀምሮ ሰረዝ የጻፈም ቁጥር የጻፈም እኩል ካርድ ይሞላለታል። የካርዱ ቁጥር ደግሞ ወደ እማማ ስልክ ዞሯል።

አዲስ ቅጽ አትሜያለሁ። ጭረት፣ ክብ፣ ሰረዝ።

ሐምሌ 23

ትላንት ማታ 1 ሰዓት ላይ ከፋርጣ ተደወለ። «እዚህ ሰማይ ተቀዷል፤ ጠርሙሱን ላየው ብወጣ ራሴም አልመለስ» አለኝ መምህሩ። እኔ ያለሁበት ሜዳ ላይ ኮከብ ይታያል። ወንዝ ዳር ላለው አንባቢያችን ደወልኩ። «ምንም የለም ጋሼ፣ ውሃው እንደ ጠዋቱ ነው» አለ። ከብቶቹን ከፍ ወዳለው ቦታ እንዲያወጣ ለመንኩት፤ ደስ ሳይለው እሺ አለ። በ1998 ነሐሴ የደረሰውን ጎርፍ አባቱ ስላዩ እሳቸው ናቸው ያስገደዱት።

ሌሊት 8 ሰዓት ገደማ መጣ። ከደወሉ እስከ መድረሱ ሰባት ሰዓት። ጠዋት ስንደርስ ከመንገዱ ወዲያ ያለው ሩዝ ጫፉ ብቻ ይታያል፤ ውሃ ያለቅጥ ባይጎዳውም ደለል የወደቀበት ቦታ ላይ ቡቃያው ተቀብሯል። የታችኛው ላሜራችን የለም። ግንድ መትቶት ፌሮው እንደ ኤሊ አንገት ተቆልምሟል።

ቱቦው ግን ቆሟል! እንጨቱን መዘዝኩት፤ 4.12 ሜትር ላይ ጥቁር መስመር፣ ልክ ምላጭ ይመስል። አጠገቡ ካለው የግራር ግንድ ላይ የቀረውን የጭቃ ምልክት ለካን፤ በ5 ሴንቲ ሜትር ይለያያሉ። ይበቃኛል።

የማታው 12 ሰዓት ንባብ 1.64 ነው። የጠዋቱ የለም፤ መንገዱ ተዘግቶ አንባቢው ሊደርስ አልቻለም። ጓደኛዬ ኮምፒዩተሩ ላይ በሁለቱ መካከል መስመር ልሳብ አለ። እኔም ለአፍታ ፈለግኩ፤ የሚያምር ጉብታ ይወጣዋል። ከዚያ ግድግዳው ትዝ አለኝ። ከፍተኛው 4.12፣ የጠዋቱ ሰረዝ። ሰዓቱ ከሰው የተሰማ ስለሆነ በማስታወሻ ዓምድ ብቻ ገባ።

ነሐሴ 2

ፋርጣና ወንዝ ዳር ያሉት ሁለቱ አንባቢዎች አሁን እኔን ሳይጠብቁ ይደዋወላሉ። ሁለት ጊዜ ተደዋውለዋል፤ አንዱ ትክክል ነበር፣ አንዱ ጊዜ ውሃው ሳይመጣ ቀረ። በከንቱ ከብት ያወጣው ሰው ሲሳደብ ሰምቻለሁ።

ነሐሴ 9

ጣና ዳር። እንደ አውሮፓውያኑ በ2011 እምቦጭ ሐይቁ ላይ መኖሩ ከታወቀ ወዲህ ሁሉም «ጨመረ» ወይም «ቀነሰ» ይላል፤ ከምን ተነስቶ እንደሆነ ግን ግልጽ አይደለም። ሰኔ ላይ በዳርቻው አምስት ካስማ በየ50 ሜትሩ ተክለን የአረሙ ጫፍ ከካስማው ስንት ሜትር እንደሚርቅ እየጻፍን ነበር። ዛሬ ስንሄድ ካስማዎቹ የሉም። አልተነቀሉም፤ ሐይቁ ተነስቶ ውጧቸዋል። ፎገራ ዳር መሬቱ እንደ እንጀራ የተዘረጋ ነው፤ ሐይቁ አንድ ክንድ ከፍ ሲል ዳርቻው ብዙ ርቀት ወደ መንደር ይገባል። የሐይቁ ከፍታ ሳይታወቅ «አረሙ ወደ ውስጥ ገባ» ማለት ትርጉም የለውም። ደግሞ ጣና በራሱ ብቻ የሚሞላና የሚጎድል ሐይቅ መሆኑ ቀርቷል፤ ባሕር ዳር ጨረጨራ ላይ ውሃውን የሚያግድ በር አለው፣ ከእኛው 2002 ጀምሮም ውሃው በምዕራብ በኩል ወደ ጣና በለስ የኃይል ማመንጫ ይሄዳል።

በታንኳ ያወጣን ዓሣ አጥማጅ በሙከራችን ሳቀ። «ጠዋት ያየኸው ማታ የለም፤ ነፋስ ነው የሚያርሰው» አለኝ። በአንድ ቀን ውስጥ አንድ ጊዜ ብቻ መለካታችን ስሕተት ነው ማለቱ ነው። ከዛሬ ጀምሮ የነፋሱ አቅጣጫና ሰዓቱ አብሮ ይጻፋል።

ከቀለም ባልዲ ክዳን ጥቁርና ነጭ አድርጌ የሠራሁትን ሳህን በገመድ ሰደድኩ፤ እስኪጠፋ ያለው ጥልቀት የውሃው ጥራት ነው። ጉማራ የሚገባበት አጠገብ አንድ ስንዝር ሳይሞላ ጠፋ። ወደ ውስጥ ስንቀዝፍ ሁለት ክንድ ደረሰ። አጥማጁ ከሳህኑ ይልቅ በገመዱ ተደነቀ፤ በየ10 ሴንቲ ሜትሩ ቋጠሮ አለውና ለመረቡ ፈለገው። ሰጠሁት።

ነሐሴ 17

ቡሄ አለፈ። የደለል ጠርሙሶቹን ደርድሬ አየሁ። ወንዙ 2.15 ላይ እያለ የተቀዳው የትላንቱ ጭቃ 1 ሚሊ ሜትር እንኳ አይሞላም። የሐምሌ 6ቱ፣ በተመሳሳይ ከፍታ፣ 3 ነበር። ያው ውሃ ነው፣ አፈሩ ግን ቀንሷል። ሐምሌ መግቢያ ላይ ደጋው ሁሉ ታርሶ ራቁቱን ነበር፤ አሁን ጤፉም ስንዴውም ሣሩም ሸፍኖታል። እርከን ሠርተን «ደለል ቀነሰ» ብለን በነሐሴ ውሃ ሪፖርት የምናቀርብ ሰዎች እዚህ ላይ ብናፍር አይከፋም። እኔም አቅርቤያለሁ።

ጠርሙሶቹ ከቤት ይውጡ ተብሏል።

ጳጉሜን 3

ሁለት ጥፋት፣ ሁለቱም የእኔ።

የኔታ ደወሉ። «ልጄ፣ ቅጽህ ነሐሴ 30 ላይ አለቀ። ጳጉሜን አይዘንብም ያለህ ማነው?» ቅጹን በአሥራ ሁለት ወር ነው ያተምኩት፤ ኮምፒዩተሩ ላይ ያለውን የፈረንጅ ሰንጠረዥ ገልብጬ። ባሕረ ሐሳብ የሚያስተምሩ ሰው ይህን ሲያዩ ምን እንዳሉ ተማሪዎቻቸውን አልጠየቅኩም። እሳቸው ራሳቸው ብራና በሚመስል ወረቀት አምስት መስመር አስምረው ቀጥለዋል። ከሌሎቹ አንዱ ጳጉሜንን መስከረም ላይ ጽፏል፣ ሌላው ትቶታል።

ሁለተኛው፦ እማማ ዘንድ ሄድኩ። ቤቱ ለእንቁጣጣሽ ተለቅልቆ ያበራል። በሩ ጀርባ ያለው ግድግዳም እንዲሁ። ደነገጥኩ።

«ፎቶ አንስተኸው የለ?» አሉ።

ያነሳሁት እስከ ነሐሴ 20 ነው። አዲሱን ቅጽ ይጠቀማሉ ብዬ ነበር፤ ወረቀቱ ግን ከመሶቡ ሥር ተጣጥፎ ተቀምጧል፣ ለእሳቸው ቅጹ ግድግዳው ነው። ከነሐሴ 21 እስከ ጳጉሜን 2 ያለው አሥራ ሁለት ቀን ከጭቃና ከእበት ሥር ነው።

«አስታውሰዋለሁ እኮ» አሉ። «የተክለ ሃይማኖት ዕለት ከቅዳሴ ስንወጣ ደበደበን። በማግስቱ ብዙ ቀዳሁ፤ ሃያም ሳይሆን አይቀርም። ከዚያ ሁለት ክብ።» ልክ ሊሆኑ ይችላሉ። የኔታ ዘንድም ነሐሴ 25 ጠዋት 29.3 ተለክቷል። ቢሆንም አሥራ ሁለት ሰረዝ አስገባሁ፤ የነገሩኝን በማስታወሻ ዓምድ ቃል በቃል ጻፍኩ።

ለሚቀጥለው ከወጥ ቤቱ ጎን አንድ ቆርቆሮ ግድግዳው ላይ መትቼላቸዋለሁ። ከሰልም ጠመኔም ይይዛል፣ ለበዓልም አይለቀለቅም።

ጥቅምት 19

ሩዙ እየተሰበሰበ ነው፣ ከሥሩ ጓያ ይዘራል። ዝናብ የለም። ከአምስቱ ሁለቱ አንባቢ «ካቆመ ምን ልጻፍ» ብለው ትተዋል። ክብ በየቀኑ መሥራት ከጭረት ይልቅ ይከብዳል፤ ወጥቶ ባዶ ጠርሙስ ማየት ነውና። እማማ ቆርቆሯቸው ላይ ሃያ ሁለት ክብ ተሰልፏል።

ጥር 11 ቀን 2015

የጥምቀት ዕለት ቢሆንም ከታቦቱ በፊት በጠዋት ወንዝ ዳር ደረስኩ። አንባቢው ከጥር 4 ጀምሮ በየቀኑ 0 ጽፏል። ደንግጬ ነበር፤ ጉማራ ደረቀ ማለት ነው? አልደረቀም። ዳርና ዳር ለሽንኩርት የተተከሉት የውሃ ሞተሮች እየሳቡት ከላሜራው የመጀመሪያ ምልክት በታች ወርዷል፤ ከሥሩ ቀጭን ውሃ አሁንም ይሄዳል። የእኔ ዜሮ የወንዙ ወለል አይደለም፤ ያን ቀን ላሜራውን የተከልኩበት ቦታ ነው። እሱ ደግሞ ከተጻፈው በታች ያለውን ምን ብሎ ይጻፍ?

አራተኛ ላሜራ ወደ ታች መተከል አለበት፤ ከዜሮ በታች በጥቁር የሚቆጠር። ሰባቱን ዜሮዎች ወደ ሰረዝ ቀየርኳቸው፤ የዛሬውን ግን በእጄ በማስመሪያ ለካሁት፣ ከምልክቱ 17 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ብሏል። ቀይ ቀለም አለኝ፣ ጥቁር ጨርሻለሁ።